ገዢው ሌላ፣ ተፈናጣጩ ሌላ

የታመመ መጠየቅ ደግ ባህላችን ነው። አንዲት ጉድለት ግን አለችበት። ጠያቂው ሁሉ ከብርቱካኑ ጋር አንድ አንድ ምክንያት ይዞ ይመጣል።

የአክስቴ ልጅ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ፣ በዳሞታ ተራራ ጎን ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ክትባት ለማምጣት፣ ሪፖርት ለማድረስ፣ ለስብሰባ ወደ ከተማ ትወርዳለች። መኪና የለም፤ በእግር ቀኑ ያልቃል፤ ስለዚህ ሞተር ሳይክል ትፈናጠጣለች። ባለፈው ክረምት የክትባት ሳጥኗን በእሷና በነጂው መካከል አድርጋ ስትመለስ፣ ዳገቱን ጨርሰው ቁልቁለቱን ሲይዙ፣ አንዲት መታጠፊያ ላይ የሞተሩ የኋላ እግር ሸሸና ወደቁ። ነጂው ክንዱ ተላጠ። የእሷ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። ሳጥኑ ቦይ ውስጥ ተገኘ። የዚያን ሳምንት የቀበሌው ሕፃናት ሳይከተቡ ቀሩ።

ልጠይቃት ሄጄ አልጋዋ ዳር ስቀመጥ ቤቱ በምክንያት ሞልቶ ነበር። አንዲት እናት «ዓይን ነው» አሉ፤ «የዚያን ዕለት ጠዋት አምራ ስትወጣ አይቻት ነበር» ብለው ማስረጃ ጨመሩ። አንድ ጎልማሳ «መንገዱ ነው፤ ግሬደር ከነካው ስንት ጊዜው!» አለ። ሌላው «የዛሬ ልጆች መች ይነዳሉ፣ ይበራሉ እንጂ» አለ። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ «ሞተር ድሮም የሰይጣን በቅሎ ነው» ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ታማሚዋ ብቻ «ኧረ አልፈጠነም፤ እንዲያውም ፈርቶ ቀስ እያለ ነበር። ኋላው ብቻ እንደ ዓሣ ጅራት ወዲያና ወዲህ አለና…» ብላ ጀመረች። የሚሰማት አልነበረም። እንደምታውቁት፣ የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ ሲናገር የሚያዳምጠው ጠያቂ ጥቂት ነው።

እኔ ግን «ኋላው» የምትለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። በወጣትነቴ ለመስክ ሥራ የተሰጠኝን ትንሽ ሞተር ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ኋላው ሲዋኝ ምን እንደሚመስል ወገቤ ያውቃል። በማግስቱ ሞተሩ ያለበትን ጠይቄ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ።

ሞተሩ ከህንድ ከሚመጡትና የክልል ከተሞችንና የገጠሩን መንገድ ከሞሉት ትንንሽ ሞተሮች አንዱ ነው። ነጂው ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገና ሳልጠይቀው «ጋሼ፣ ጎማው አዲስ ነው፤ ሁለት ወር አልሞላውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። በአውራ ጣቴ ጥፍር ተጫንኩት። አልገባም። ሸክላ ነው። በጨርቅ ጭቃውን ጠርጌ የጎማውን ጎን ማንበብ ጀመርኩ። እስቲ እናንተም አብራችሁኝ ጎንበስ በሉ።

የጎማ ጎን የተጻፈበት ለጌጥ አይደለም። በትናንሽ ሞተሮች ላይ ለምሳሌ «3.00-18» የሚል ታያላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በኢንች ነው፤ ሁለተኛው የሚገባበት ቸርኬ ልክ ነው። ቀጥሎ «52ፒ» የመሰለ ይመጣል። 52 የሸክም ቁጥር ናት፤ ጎማው በተገቢው ንፋስ 200 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 47 ከሆነ 175 ኪሎ፣ 42 ከሆነ 150 ኪሎ። ፊደሏ የፍጥነት ወሰን ናት፤ «ፒ» በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዳሞታ ቁልቁለት ስለ እሷ የሚጨነቅ አይኖርም። የሸክሟ ቁጥር ግን ነጂን፣ ተሳፋሪን፣ ጆንያን፣ የሞተሩንም የኋላ ክብደት አንድ ላይ ደምራ የምትናገር ናት። ቀስትም አለች፤ ጎማው ወደየት መሽከርከር እንዳለበት ታሳያለች። በመጨረሻ፣ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት ቁጥሮች አሉ። ሁለቱ የሳምንቱ፣ ሁለቱ የዓመቱ ናቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር።

የእኛ «አዲስ» ጎማ ላይ 1214 ይላል። በ2014 እ.ኤ.አ.፣ በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት የተሠራ። በሁለት ወር ዕድሜው የተማመንበት ጎማ ዐሥር ዓመት አልፎታል። የት እንደከረመ እግዜር ይወቀው፤ ምናልባት አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይና አየር ልስላሴውን ይወስዱበታል፤ ጥርሱ ሙሉ እንደሆነ ይደርቃል። የደረቀ ጎማ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ሲያዩት ጎማ ነው፤ ሲነዱት ሳሙና ነው።

ጥርሱም ለዚያ መንገድ አልተሠራም። ቀጫጭን መስመር ያለው፣ የአስፋልት ጎማ ነው። የአስፋልት ጎማ ቀይ ጭቃ ላይ ሲገባ መስመሮቹ ይደፈኑና ድፍን ቀለበት ይሆናል። በተቃራኒው ትልልቅና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት የጭቃ ጎማ ጭቃ ላይ ይቧጥጣል፣ በእርጥብ አስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ግን መሬት የሚነካው በጥቂት ጉብታዎች ብቻ ስለሆነ ይከዳል፤ ቶሎም ያልቃል። የከተማ ድንጋይና የገጠር ጭቃ በአንድ ቀን ለሚመላለስ ሰው የሚሻለው መካከለኛው ነው፤ መሐሉ ጠበቅ፣ ጠርዙ ፈርጠም ያለ ጥርስ። ወጣቶቹ ደግሞ የሚወዱት ሰፋ ያለውን ነው፤ ሞተሩን ያገዝፈዋል። በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገባ ግን ጎኖቹ ይሰበሰቡና መሐሉ ይቆለመማል፤ በስፋት የተከፈለበት ጎማ በጠባቡ ይረግጣል። አንዳንዴም ሰንሰለቱን ወይም መርገፉን ይታከካል።

ጎሚስታው ንፋሱን ሲለካው 45 አለ። የሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ ካለው ጭቃ ሥር ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ፤ የኋላው ለአንድ ሰው 28፣ ለሁለት ሰው 32 ይላል። «ለምን እንዲህ አስጨነቅኸው?» አልኩት ልጁን። «ጋሼ፣ ሸክም እንዲችል ነዋ። ሲላላ ደግሞ ከመነዳሪው ይበሳል» አለኝ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ልኩ ነው የጠፋው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬቱን በአንዲት ቀጭን መስመር ይነካል፤ ጠጠር ሲያገኝ አይረግጠውም፣ ይዘልለዋል። በእርግጥ የላላውም አይሻልም፤ ይሞቃል፣ ያጥጣል፣ በመታጠፊያ ላይ ይወላገዳል። ለዚህ ነው ወረቀቱ ሁለት ቁጥር የያዘው፤ አንዱ ለብቻ፣ አንዱ ሰው ለሚያፈናጥጡበት ጊዜ።

ከዚያ ወደ ኋላው ሾክ መጣን። እዚህ ላይ ነው የገረመኝ። በእነዚህ ሞተሮች ኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ አለ። በእያንዳንዱ ሞላ ሥር ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቆረጠ የብረት ቀለበት ታገኛላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ደረጃ አለው። ቀለበቱን ወደ ላይኛው ደረጃ ስታዞሩት ሞላው አስቀድሞ ይጨመቃል። ሞላው አይጠነክርም፤ ይህን ብዙ መካኒክ ይስተዋል። የሚለወጠው ሞተሩ ሸክም ሲጭን ምን ያህል እንደሚቀመጥ ነው። ለብቻችሁ ስትሆኑ ዝቅ ያለው ደረጃ ይበቃል፤ ሰውና ጆንያ ሲጨመር ከፍ ይደረጋል። በጣም ዝቅ ካለ ኋላው በየጉድጓዱ ወለል ይመታል፤ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መብራቱ መንገዱን ትቶ ዛፍ ያያል። ባዶውን በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ጎማው እንደ ኳስ እየነጠረ መሬቱን ይለቃል። ልኩን ለማወቅ ሜትር ይበቃል። ሾኩ ከሚታሰርበት ቦታ እስከ ጎማው መሐል፣ አንዴ ሸክሙ ሳይኖር፣ አንዴ ሰዎቹ ተቀምጠው ይለካል። የወረደው ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሶ ገደማ ከሆነ ደህና ነው።

በእኛው ሞተር የቀኙ ቀለበት አንደኛው ደረጃ ላይ ነው። የግራው ሦስተኛው ላይ። ሁለቱ እኩል መሆን ሲገባቸው አንደኛው ተኝቶ አንደኛው ቆሟል። የግራው ሾክ ዘንግ ዘይት ለብሷል፤ ማለትም ውስጡ ያለው ዘይት እየወጣ ነው፤ ሞላው ሲመለስ የሚገታው ነገር የለም። ይኼ በቀለበት አይድንም፤ ሾኩ ይቀየራል፤ ሲቀየርም ሁለቱም በአንድ ላይ ነው። ጎሚስታው ከሞላው ቀለበቶች መሐል ሦስት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አወጣ። አንድ ብልህ ሰው «እንዲጠነክር» ብሎ የሸጎጠው ነው።

ልጁ ቀለበቱን ትኩር ብሎ አየና «ይኼ ነገር ይዞራል እንዴ?» አለ። ሦስት ዓመት ነድቶታል። ማዞሪያው መፍቻ ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከነፕላስቲኩ ዝጎ ተገኘ።

«ጎማውን ማን መረጠልህ?» ስለው ግን አንገቱን ደፋ። «እኔ አልገዛሁትም። ባለሞተሩ ነው የላከልኝ። እሱ አዲስ አበባ ነው።» ስልኩን ተቀበልኩና ደወልኩለት። ጨዋ ሰው ነው፤ ስለ አክስቴ ልጅ አዘነ፣ እግዜር ይማራት አለ። ስለ ጎማው ዕድሜ ስነግረው ግን «ወንድሜ፣ ጎማ ጎማ ነው» አለኝ። «ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ልኩ ገብቷል። በቅናሽ ነው ያገኘሁት።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ነው ከሞተር ወደ እኛ የሚሻገረው። ሰንሰለቱን እዩት። ጎማውን የገዛው ሰው አይቀመጥበትም። የሚቀመጥበት ነጂ አይገዛም፤ የቀን ገቢውን ያስገባል፤ «ይኼ ጎማ አይሆንም» ቢል ነገ ቁልፉን የሚቀበል ሌላ ልጅ ደጅ ቆሟል። ተፈናጣጩ ከኋላ ጎማና ከኋላ ሾክ በላይ የተቀመጠ፣ የሁሉንም ጥፋት በወገቡ የሚቀበል ሰው ነው፤ እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?» ነጋዴው የጎማውን ዕድሜ ያውቃል፤ ካልተጠየቀ ምን አስለፈለፈው? ተቆጣጣሪው፣ እኔ እንዳየሁት፣ መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ ይጠይቃል፤ ጎማ ጎን ላይ ጎንበስ ሲል ግን አላየሁም። አምስት ሰዎች፣ አንድ ጎማ፣ አንድም ኃላፊ የለም። አደጋው ሲደርስ ደግሞ ሁላችንም ብርቱካን ይዘን እንገናኛለን።

እኛ ስለ ሸክም የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ይቅር በተባለ። ግን እናውቅ ነበር። አያቴ በቅሎውን ሳይጭን በፊት በእጁ ጀርባዋን ይዳስሳል፤ ገጣባ ካለባት አይጭናትም። ኮኮናዋን አንስቶ ያያል። ዳውላው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አውርዶ እንደገና ያመዛዝናል፤ መጫኛውን አላልቶ ያጠብቃል። ዳገት ሲሆን ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ ያስተካክላል። እንግዳ ሊያፈናጥጥ ከሆነ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አይቶ ይመዝነዋል፤ ወፍራም ከሆነ በጨዋ ደንብ «እስቲ ትንሽ በእግር እናውጋ» ይለዋል። ይህን ሁሉ ማንም ኮርስ አልሰጠውም። የሚጭነውን ነገር ጀርባ ማየት ነውር የሌለው ግዴታ ስለነበር ነው።

ታድያ ብረት ሲመጣ ዳሰሳው ለምን ቀረ? አንዱ ምክንያት በቅሎ አፍ ስላላት ይመስለኛል። ሲበዛባት ትራገጣለች፣ ትለግማለች፣ ትተኛለች። ሞተር አይራገጥም። የሞተር አፉ ጎማው ጎን ላይ ያሉት ቁጥሮችና ሾኩ ላይ ያሉት አምስት ደረጃዎች ናቸው። ያንን ካላነበብንለት ሌላ መናገሪያ የለውም። ሲናገር የምንሰማው አንዴ ብቻ፣ መታጠፊያው ላይ ነው።

«ድህነት ነው፤ ምን ይደረግ» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የመለዋወጫ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም፤ አዲስ ሾክ ጥንዱን መግዛት ለአንድ የቀን ገቢ ከፋይ ወጣት ቀልድ አይደለም። ከኋላ ያለቀውን ጎማ አውጥቶ ወደ ፊት ማዞር የተለመደውም ለዚሁ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ዋናው ሥራ የፊቱ ጎማ መሆኑ እየተረሳ። ሌላው ግማሽ ግን እውነት አይደለም። ቀለበት ማዞር ስንት ብር ነው? አራት ቁጥር ማንበብ ስንት ብር ነው? ከ45 ወደ 32 ንፋስ ማስተንፈስ ስንት ብር ነው? ባለሞተሩስ በዚያው ዋጋ የቅርብ ዓመት ጎማ ይኑር አይኑር ነጋዴውን ቢጠይቅ ምን ይጎድልበት ነበር? በድህነት የማናደርገው ነገር አለ፤ በድህነት አሳብበን የማናደርገው ደግሞ ከእሱ ሳይበልጥ አይቀርም።

አደባባይ ላይ የምንነጋገረውም ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር ሳይክሎች ላይ እገዳ ሲጥል ቅሚያና አደጋ ተነስተው ነበር። ቅሚያው እውነት ነው፤ አደጋውም እውነት ነው። ግን በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ክርክር ሁለት መልስ ብቻ ነበረው፤ ይታገድ ወይስ አይታገድ። «በምን ጎማ ይሂድ? ስንት ሰው ይጫን? ማን ይየው?» የሚል ሦስተኛ ጥያቄ አልሰማሁም። እገዳ ቀላል ነው፤ ጎንበስ አያስብልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ዳሞታ ላይ ሞተሩ ቢታገድ ደግሞ ክትባቱ በእግር ይመጣል፤ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትወርዳለች።

በንፋስ የሚሞላ ጎማ እንዴት እንደመጣ ታውቁ ይሆናል። ሐሳቡን ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1845 እ.ኤ.አ. ፓተንት አስመዝግቦበት ነበር፤ ሰው ረሳው። ቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ዳንሎፕ ነው እንደገና ያመጣው። ትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበረው፤ ድፍን ጎማው በድንጋዩ መንገድ ላይ ያንገጫግጨዋል። አባት ላስቲክ ጠቅልሎ፣ ንፋስ ሞልቶ ገጠመለት። በ1888 እ.ኤ.አ. ፓተንቱን አገኘ፤ ዓለም ዛሬም በእሱ ላይ ትሽከረከራለች። እኔን የሚገርመኝ ፈጠራው አይደለም። ጎማውን የሠራው ሰው የሚቀመጥበትን ሰው ያውቀዋል፤ ልጁ ነው። ጎማ የተወለደው ከዚያ እውቂያ ነው። እኛ ዘንድ እውቂያዋ ተቆረጠችና ጎማው ብቻ ቀረ፤ ጥቁርና ክብ።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። ባለሞተሩ ሁለት ሦስቴ ከተደወለለት በኋላ የጎማውን ገንዘብ ላከ። ልጁ ራሱ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ አራቱን ቁጥር እያነበበ፣ ልኩን የጠበቀ፣ መካከለኛ ጥርስ ያለው ጎማ መረጠ። ነጋዴው «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርከው?» ብሎ ሳቀበት አሉ። ሾኩን ጥንዱን ለመቀየር ወር ፈጀ። ቀለበቶቹ ሁለቱም አራተኛው ላይ ናቸው፤ ብቻውን ሲመለስ ሁለተኛው ላይ ያወርዳቸዋል።

የአክስቴ ልጅም ትከሻዋ ድኖ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። አሁን ሞተር ላይ ከመውጣቷ በፊት ሳጥኗን መሬት ላይ ታስቀምጥና ወደ ኋላ ዞራ ጎንበስ ትላለች። «ስንተኛው ላይ ነው?» ትላለች። ልጁ መጀመሪያ ሰሞን ያፍር ነበር። ሌሎቹ ነጂዎች «ኢንስፔክተሯ መጣች» እያሉ ይስቁባታል። እየሳቁ ግን፣ እሷ ከመድረሷ በፊት፣ አንድ ሁለቱ ወደ ሞተራቸው ኋላ ዞር ሲሉ አየሁ ብላኛለች።

ለእኔ ይኼ ትልቅ ዜና ነው። እንግዲህ የሚቀጥለውን ታማሚ ለመጠየቅ ስትሄዱ ብርቱካኑን ያዙ፤ ምክንያቱን ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ሞተሩ ከቆመበት ሄዳችሁ፣ ጭቃውን ጥረጉና አንብቡት።